የባላጋራን ንብ ተሸክሞ

1958 ዓ.ም. ነሐሴ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ሦስት ሰዎችና አንድ ግመል ከጭፍራ ገበያ ጥግ ተነሥተው ፊታቸውን ወደ ፀሐይ መውጫ አዞሩ። ግመሉን እየሳበ ከፊት የሚሄደው ሙሐመድሰዒድ የሚባል አፋር መንገድ መሪ ነው። ከኋላው ሃያ እርምጃ ያህል ተራርቀው የሚከተሉት ሁለት ሰዎች ደግሞ ከድሩና አብዱሰላም ይባላሉ። ሁለቱም ከጭፍራ በላይ ባለው የወሎ ቁልቁለት የሚኖሩ ንብ አርቢዎች ናቸው፤ ሁለቱም አምሳን ተሻግረዋል። የከድሩ እኅት ሀምዳ የአብዱሰላም ሚስት በመሆኗ አማቾችም ናቸው። ያን ማለዳ ግን አንዱ ለሌላው «እንዴት አደርክ» አላለም።

ሁለቱም ከሸምበቆ የተሠራች፣ ክንድ የማትሞላ ትንሽ ቀፎ በአንገታቸው አንጠልጥለዋል። የቀፎዎቹ አፍ በነጭ ሻሽ ተሸፍኖ ዙሪያው በሰም ታትሟል። አብዱሰላም የተሸከመው የከድሩን የታመሙ ንቦች ነው። ከድሩ የተሸከመው የአብዱሰላምን ጤነኛ ንቦች ነው። በዚህ ዓይነት እንዲጓዙ የፈረዱት ሽማግሌዎች ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በሰኔ ነበር። የከድሩ ንቦች መብረር ተሳናቸው። ከቀፏቸው እየወጡ እንደ ጉንዳን መሬት ለመሬት ይድሃሉ፤ ክንፋቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሆዳቸው ይነፋል፤ የቀፎው አፍና የዛፉ ግንድ በቡናማ ፍሳሽ ይዥጎረጎራል። ከድሩ ማለዳ ማለዳ ሲወጣ ከየዛፉ ሥር ሬሳቸውን በእፍኝ ያፍስ ነበር። ክረምቱ ሳይጋመስ ከሃያ ስድስት ቀፎዎቹ አሥራ ዘጠኙ ባዶ ቀሩ። ከጅረቱ ማዶ ያሉት የአብዱሰላም አሥራ ሁለት ቀፎዎች ግን እንደ ወትሯቸው ይተማሉ።

ከድሩ አሰበ፣ አወጣ፣ አወረደ። አብዱሰላም ከሁለት ዓመት በፊት አዋሽ ዳር በተከፈተው የጥጥ እርሻ አንድ ወቅት ሠርቶ ሲመለስ አንድ ጣሳ የተባይ ዱቄት ይዞ መጥቶ ነበር። ደግሞ ባለፈው ዓመት ከከድሩ ዛፍ የኮበለለ መንጋ ሄዶ አብዱሰላም ቀፎ ውስጥ ቢገባ፣ ይመለስልኝ አይመለስም ተባብለው ተቀያይመዋል። ሁለቱን ነገሮች ገጣጠማቸውና አንድ ቅዳሜ ከገበያው መሀል ቆሞ፣ ንቦቼን በመርዝ የፈጀብኝ አማቼ ነው አለ።

በዚያ አገር እንዲህ ያለ ቃል ካፍ ከወጣ ወይ ይረጋገጣል፣ ወይ ደም ያፋስሳል። የሁለቱም ወገን ጎረምሶች ጠመንጃቸውን መወልወል ጀመሩ። ሀምዳ ከባሏ ቤት ወጣች፤ ወንድሟም ቤት አልገባችም፤ ከሽማግሌዎቹ አውራ ከሼህ ጀማሉዲን ግቢ ሄዳ ተቀመጠች። ሼሁ ሁለቱንም አስጠሩ። እርሻው ሠፈር ውስጥ በሰው ደም ያለውን ወባ በመስተዋት የሚያይ የመንግሥት ሠራተኛ እንዳለ ሰምተዋል። የወባን ዘር ያየ ዓይን የንብን ሆድ ማየት አያቅተውም አሉ።

«የሞተ ንብ ግን አይመሰክርም» አሉ ሼሁ። «መንገድ ላይ ማን እንደ ገደለው በምን ይታወቃል? በሕይወት ይድረሱ። ከድሩ፣ አንተ የሱን ትሸከማለህ፤ አብዱሰላም፣ አንተ የሱን። በእጁ ያለው መንጋ ያለቀበት ሰው ጥፋተኛው እሱ ነው። አሥራ አምስት ቀን ሰጥተናችኋል።»

እንግዲህ ከድሩ የሚጠላውን ሰው ንብ ደረቱ ላይ አድርጎ ቁልቁል ወረደ።

የመጀመሪያው ቀን መንገድ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው። ረፋድ ላይ ድንጋዩ ራሱ ሙቀት ይተፋ ጀመር። ግራሮቹ አጫጭርና የተራራቁ ናቸው፤ ከአንዱ ጥላ ወደ ሌላው ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ሙሐመድሰዒድ ቀጠን ያለ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። በየጥላው ሲቆም ከአቁማዳው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ዋንጫ ውሃ ይሰፍራል። ከድሩ ከዋንጫው ግማሹን ይጠጣና የተረፈውን በጣቱ እየነከረ በሻሹ ላይ ያንጠባጥባል። ንቦቹ ከውስጥ መጥተው ጨርቁን ይልሳሉ። በጣቱ ጫፍ ንዝረታቸው ይሰማዋል። አርባ ዓመት ንብ ሲያረባ የሌላ ሰው ንብ እንዲህ ተጠግቶ አያውቅም ነበር። ከራሱ ንቦች የሚለያቸው ነገር ቢፈልግ አጣ።

አብዱሰላም ከሌላ ጥላ ሥር ተቀምጦ እንደዚያው ያደርጋል። ሲሰግዱም ተራርቀው ነበር፤ ሙሐመድሰዒድ ከፊት ቆመ፣ አንዱ በቀኙ፣ አንዱ በግራው፣ በመካከላቸው ሦስት ሰው የሚያቆም ቦታ ክፍት ቀረ።

በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ የምሥራቁ አድማስ ቀላ። ሙሐመድሰዒድ ቆሞ አየና ግመሉን ወዲያው አንበረከከው። ልብሳቸውን ተከናንበው ከግመሉ ጎን እንዲተኙ በእጁ አሳያቸው። አቧራው እንደ ግንብ መጥቶ ወደቀባቸው። ፀሐይዋ ጠፋች። አሸዋው ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ጥርስ ውስጥ ገባ። ከድሩ ቀፎዋን ከሆዱ ሥር አስገብቶ በጎኑ ተኮማተረ። ጥቂት ቆይቶ የንቦቹ ድምፅ ሲለወጥ ሰማ፤ መጀመሪያ ከፍ ብሎ ጮኸ፣ ከዚያ እየደከመ ሄደ። ሻሹን ሲዳስስ አቧራው እንደ ጭቃ ለጥፎታል። አየር አጥተዋል።

የውሃ ድርሻውን ገና አልጠጣም ነበር። አፉን ሞልቶ ጨርቁ ላይ ተፋ፣ በአውራ ጣቱ ጠረገ፣ እንደገና ተፋ። አቧራው መልሶ ሲለብሰው መልሶ አጠበ። ውሃው እስኪያልቅ እንዲህ አደረገ። ነፋሱ ሲያልፍ ቀና ብሎ አየ። አብዱሰላም በግመሉ ማዶ ተንበርክኮ፣ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ፣ በባዶ ዋንጫ አጠገብ የታመሙትን ንቦች ሻሽ በምላሱ ጭምር እያረጠበ ነበር። ሁለቱ ተያዩ። ከድሩ ዓይኑን ቀድሞ መለሰ። ገዳይ ቢሆን ኖሮ ምስክሩን ለማፈን ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኝም ነበር የሚል ሐሳብ መጣበት፤ ግን ገፋ አደረገው። ማታለያ ሊሆንም ይችላል ብሎ ራሱን አሳመነ።

በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ የስንቅ ስልቻቸው አልነበረም። ጅብ ነበር የወሰደው፤ አሸዋው ላይ ዱካው ከሚነግረው ሌላ ምስክር አላስፈለገም። ስልቻውን ራቅ ብሎ ተተልትሎ አገኙት። ያለቻቸው በግመሉ ኮረቻ ላይ የተቋጠረች አንድ እፍኝ ተምር ብቻ ናት። ለሦስት ተካፈሏትና እኩለ ቀን ሳይሆን ከፊታችን ያለው የውሃ ጉድጓድ ጋ መድረስ አለብን ብለው ተጣደፉ።

ጉድጓዱ ዙሪያ አምስት ሰዎች ፍየል ያጠጣሉ። ሁሉም ወገባቸው ላይ ጊሌ የሚባለውን የአፋር ጩቤ ታጥቀዋል፤ ሦስቱ ጠመንጃ ይዘዋል። እንግዶቹን ሲያዩ ጠመንጃዎቹ ከትከሻ ወረዱ። ሙሐመድሰዒድ ግመሉን አስቁሞ ብቻውን ሄደ፤ ከሽማግሌያቸው ፊት ቁጢጥ አለና ዳጉ ጀመሩ። ዳጉ የአፋር የወሬ ልውውጥ ነው። ማን ሞተ፣ የት ዘነበ፣ ማን ከማን ተጣላ፣ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፤ ሳይዘለል፣ ሳይዋሽ ይነገራል። ሁለቱ ወሎዬዎች በጠራራ ቆመው ጠበቁ። ውሃው ከፊታቸው አሥር እርምጃ ላይ ያብለጨልጫል፤ ቀፎዎቹ ግን ድምፃቸው ሳስቷል።

ከወጣቶቹ አንዱ ቆጣ ብሎ ተነሣ፤ በጣቱ ቀፎዋን እያመለከተ ለሙሐመድሰዒድ ብዙ ተናገረ። ሙሐመድሰዒድ ወደ ከድሩ ዞሮ ተረጎመለት። ባለፈው ዓመት ሣጥን ተሸክመው የመጡ ሰዎች ውሃ ጠይቀው፣ ጠጥተው፣ ከዚያ ከሣጥናቸው መስተዋት አውጥተው የግጦሹን መሬት ለክተው ሄደዋል። ወራት ሳይቆይ መሬቱ ላይ ጥጥ በቀለበት። ስለዚህ ሣጥኖቹ ይከፈቱ ይላል።

ከድሩ ደነገጠ። ማኅተሙ ከተነሣ ፍርዱ ፈረሰ። እምቢ ካለ ደግሞ ውሃው ቀረ። ምን እንደሚል ሲያስብ አብዱሰላም ከጎኑ አልፎ ወደ ሽማግሌው ሄደ፤ ቀፎዋን ከአንገቱ አውልቆ እግራቸው ሥር አስቀመጠ። ከእርሻው ቆይታው ትንሽ አፋርኛ ለምዷል፤ በአፋርኛ ሰላምታ ሰጥቶ ቀሪውን በአማርኛ ተናገረ።

«ይህ ሰው አማቼ ነው። ንቦቼን ገደልክ ይለኛል። እኔ የሱን ሕመምተኞች ይዤ፣ እሱ የኔን ጤነኞች ይዞ፣ ወደሚያይልን ሰው እየሄድን ነው። ጆሮዎትን ያስጠጉና ይስሙ። ከሰሙ በኋላ ይከፈት ካሉ ይከፈታል።»

ሽማግሌው አማርኛ ይሰማሉ። ጎንበስ ብለው አንዱን ቀፎ፣ ቀጥለው ሌላውን አዳመጡ።  ከዚያ ከድሩን ቀና ብለው አዩት።

«ያ ሰው አይቶ፣ አልገደለም ካለህስ? ያን ጊዜ ምን ታደርጋለህ?»

ከድሩ ከቤቱ እስከዚህ ድረስ ሲመጣ አብዱሰላም ገድሏል ከተባለ ምን እንደሚያደርግ መቶ ጊዜ አስቧል፤ አልገደለም ከተባለ ግን አንዴም አላሰበም። ሽማግሌው ዝምታውን እንደ መልስ ቆጥረውለት ይመስላል፣ ለወጣቱ በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ጠመንጃው ወደ ትከሻ ተመለሰ። አጠጧቸው፤ ስንቃቸውን ጅብ እንደ ወሰደው ከዳጉው ሰምተው ስለነበር አንድ ቅል የፍየል ወተትም ጨመሩላቸው። ሲለያዩ ሽማግሌው የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ንቦቹን ምን እንደ ገደላቸው ሲታወቅ ወሬውን መንገድ ላይ ላገኙት ሰው ይንገሩ፤ እሳቸው ዘንድ ይደርሳል።

በአራተኛው ቀን ሚሌ ወንዝ ደረሱ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ውሃው ከጉልበት አይዘልም፣ ጭቃማና ሰነፍ ነው። ሙሐመድሰዒድ ግመሉን ይዞ ቀድሞ ተሻገረ፤ ከድሩ ተከተለ፤ አብዱሰላም ልብሱን ሰብስቦ እስኪገባ ትንሽ ዘገየ። እሱ ከወንዙ መሀል ሲደርስ ሙሐመድሰዒድ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ላይኛው የወንዙ መታጠፊያ ጆሮውን ሰጠ። ከዚያ ባልተለመደ ድምፅ ጮኾ ሩጥ አለው።

ደጋው ላይ ትናንት የዘነበው ዝናብ ነበር። መጀመሪያ የጭነት መኪና ይመስል ነበር ድምፁ። ከመታጠፊያው ሲወጣ ግን ቡናማ፣ ሰው ቁመት የሚያህል፣ ግንድና ቁጥቋጦ እያላተመ የሚመጣ ደራሽ ሆነ። አብዱሰላም ወደ ዳር ሊሮጥ ሁለት እርምጃ ተራመደ፤ ውሃው ወገቡን መታውና ጣለው። ጠፋ። ዝቅ ብሎ፣ ከሁለት አለት መካከል በተቀረቀረ የዘንባባ ግንድ አጠገብ ብቅ አለ። በግራ እጁ ግንዱን አቅፏል። በቀኝ እጁ ቀፎዋን ከራሱ በላይ ይዟታል።

ሙሐመድሰዒድ የግመሉን ገመድ ወረወረ። በሁለተኛው ሙከራ ገመዱ አብዱሰላም ትከሻ ላይ ወደቀ። ለመያዝ ግን ሌላ እጅ ያስፈልጋል። ግንዱን ቢለቅ ውሃው ይወስደዋል። ቀፎዋን ቢለቅ ይድናል።

«ጣለው!» ብሎ ጮኸ ከድሩ። «ቀፎውን ጣለውና ገመዱን ያዝ!»

«አልጥልም» አለ አብዱሰላም። ውሃ ይተፋል። «ብጥለው በምን ታምነኛለህ?»

«አምንሃለሁ። ጣለው ብዬሃለሁ።»

አብዱሰላም አልጣለም። ገመዱ ከትከሻው ተንሸራቶ ወደቀና ውሃው ወሰደው። ግንዱም መንቀሳቀስ ጀመረ።

ከድሩ ከዚያ በኋላ ስላደረገው ነገር ሲጠየቅ፣ ያሰብኩበት አይምሰላችሁ ይል ነበር። የአብዱሰላምን ንቦች ከአንገቱ አውልቆ አሸዋው ላይ አኖረ፤ ጫፉ በሙሐመድሰዒድ እጅ የቀረውን ገመድ ስቦ ወገቡ ላይ ቋጠረ፤ ሌላውን ጫፍ ሙሐመድሰዒድ ከግመሉ አንገት ጋር እስኪያስር ሳይጠብቅ ገባ። ውሃው ከላይ ወደ ታች እየገፋ ወደ ግንዱ አደረሰው። ቁጥቋጦ ፊቱን ጨረው። የሆነ ነገር ጉልበቱን መታው። አብዱሰላምን በብብቱ ሥር አቀፈው፤ «ያዘኝ» ብቻ አለው። ግንዱ ተነቅሎ ሲሄድ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ገመድ ላይ ነበሩ። ግመሉ እያጉረመረመ ወደ ኋላ ሄደ። ዳር ሲደርሱ አብዱሰላም ቀኝ እጁ ደርቆ፣ ቀፎዋን ከጣቶቹ ማላቀቅ አቅቶት ነበር፤ ሙሐመድሰዒድ አንድ በአንድ አላቀቀለት።

ዳሩ ላይ ተጋደሙ። የታመሙት ንቦች እርጥብ ሻሽ ላይ ተለጥፈው አብዛኞቹ ሞተዋል፤ የሚንቀሳቀሱት ሠላሳ ቢሞሉ ነው። ጤነኞቹም ፀሐይ ላይ ተረስተው ስለነበር ከድሩ ሄዶ ጨርቃቸውን ነከረ። ድምፃቸው ሲመለስ ሰማ።

«ያልከው ከልብህ ነው?» አለ አብዱሰላም ዓይኑን ሳይገልጥ።

ከድሩ መዋሸት አልፈለገም። «አላውቅም» አለ። «ውሃው ነው ያናገረኝ።»

አብዱሰላም ራሱን ነቀነቀ። መልሱ ደስ ያሰኘው ይመስል ነበር። የዐሥርን ሶላት ሲሰግዱ በመካከላቸው የነበረው ክፍተት ሰው አያቆምም ነበር፤ ትከሻቸው ተነካክቷል።

በስድስተኛው ቀን ሎጊያ ገቡ። ከአሰብ የሚመጡ የጭነት መኪናዎች አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል፤ ሾፌሮች ጥላ ሥር ተኝተዋል። ከባቲ መጥታ ሻይ ቤት የከፈተችው ሱልጣና ገና ከሩቅ ስታያቸው፣ ባለንቦቹ መጡ አለች። ዳጉ ቀድሟቸው ደርሷል፤ የደም መርማሪው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንደሚጠብቃቸው፣ አንደኛው ውሃ ሊወስደው እንደነበር፣ ስንቃቸውን ጅብ እንደ በላው ሁሉ ታውቃለች። አብልታ አጠጥታ ሸኘቻቸው። ዛሬ ሰመራ የተቆረቆረችበትን፣ ያን ጊዜ ሰጎን ብቻ ይሮጥበት የነበረውን ባዶ ሜዳ አቋርጠው ወደ አዋሽ ወረዱ። አመሻሹ ላይ የጥጡ አረንጓዴ፣ ከኋላውም የወንዙ ዛፎች ታዩ።

መርማሪው መለሰ ይባላል። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ከደጋ የመጣ፣ መነጽር የሚያደርግ ሰው ነው። በኖራ የተቀባች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ማይክሮስኮፑን አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ የጥጥ ለቃሚዎችን ደም ይመረምራል። ወደ ወባው ሥራ ከመግባቱ በፊት በከብት በሽታ መመርመሪያ ረዳት ሆኖ ሲሠራ የንብ ሆድ ሲከፈት አይቷል። በማግስቱ ማለዳ ብርሃኑ ሲስተካከል ሁለቱንም ፊቱ አስቀመጣቸው። ማኅተሙን በፊታቸው ቆርጦ ከእያንዳንዱ ቀፎ አሥር ንቦች አወጣ።

መጀመሪያ ማይክሮስኮፑን አልነካም። አንዲት ጤነኛ ንብ ይዞ ጅራቷን በመቆንጠጫ ሳብ ሲያደርግ አንጀቷ ተከትሎ ወጣ። ነጭ ወረቀት ላይ አጋደመው፤ እንደ ገለባ ቡናማ፣ ቀለበት ቀለበት ያለው ቀጭን ክር ነው። ከታመሙት አንዷን እንደዚሁ ሳበ። የሷ አንጀት እንደ ወተት የነጣ፣ ያበጠ፣ ቀለበቱ የጠፋ ነበር። ያን ለማየት መነጽርም መስተዋትም አላስፈለገም። ከድሩ ጎንበስ ብሎ አየ።

ከዚያ መለሰ የነጣውን አንጀት አድቅቆ በጠብታ ውሃ መስተዋት ላይ አደረገና ቦታውን ለከድሩ ለቀቀለት። በክቡ ብርሃን ውስጥ እንደ ሩዝ ፍሬ ሞላላ፣ የሚያበሩ ነገሮች ታዩት። ቁጥር የላቸውም፤ እርስ በርስ ተደራርበዋል።

«መርዝ አይደለም፣ አባቶቼ» አለ መለሰ። «ጥገኛ ነው። ንቧ አንጀት ውስጥ ገብቶ የሷን ምግብ እየበላ ይራባል። ያያችሁት ዘሩ ነው። የታመመችውን ሲያስቀምጣት ከፍሳሿ ጋር ይወጣል፤ ጤነኛዋ የማር እንጀራውን ስታጸዳ ወይም ውሃ ስትጠጣ ትውጠዋለች። ክረምት ሲዘጋቸው ይበረታባቸዋል።»

ከድሩ ቀና አለ።  መለሰ ግን አልጨረሰም፤ ከአብዱሰላም ንቦችም አሥሩንም አንድ በአንድ አየ። ከአሥሩ በሁለቱ አንጀት ውስጥ ያው ፍሬ አለ። ጥቂት ነው፣ ግን አለ። ያንንም ሳይደብቅ ነገራቸው። ቀጥሎ እስክሪብቶውን አንሥቶ፣ እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ከሌላ ቦታ በሚመጣ ቀፎና እንጀራ እንደሚገባ ነገራቸውና፣ ከውጭ ያመጣችሁት አሮጌ ቀፎ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

አብዱሰላም የለኝም አለ።

ከድሩ ግን ባለፈው ጥቅምት ከባቲ ገበያ ስድስት አሮጌ ቀፎዎች አምጥቶ ነበር፤ ንቦቹ ካለቁበት የአንድ ሟች ቤት የመጡ፣ እንጀራቸው ሳይወጣ። አፋቸው ላይ የደረቀ ቡናማ ነገር ነበረባቸው፤ ፍቆ አጸዳው። የተረፈውን ማር በውሃ በጥብጦ ገንዳ ላይ አድርጎ ለንቦቹ አበላ። ገንዳው ከጅረቱ ዳር ነበር፤ የማዶዎቹም ንቦች ሲቀስሙበት አይቷል። ይህን የምታውቅ ሚስቱ ኡምሰልማ ብቻ ናት። እሱም የለኝም ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ የአላህ ሥራ ነው ይባላል፣ ይታረቃሉ፣ ማንም አይጠይቀውም። መርማሪው እስክሪብቶውን እንደያዘ ይጠብቃል። አብዱሰላም በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል፤ በወንዙ የተጎዳው ቀኝ እጁ ገና አልተፈወሰም፣ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«አለ» አለ ከድሩ። «እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

ሁሉንም ተናገረ፤ ቀፎዎቹን፣ ማሩን፣ ገንዳውን፣ ያየውን ሁሉ። ሲጨርስ አብዱሰላም ተነሥቶ ወጣ። ከድሩ ወዲያው አልተከተለውም። መለሰ መድኃኒቱ ከባሕር ማዶ እንጂ እዚህ እንደማይገኝ፣ የሚሻለው የታመመውን እንጀራ ማቃጠል፣ ቀፎውን ከውስጥ በነበልባል መለብለብ፣ ንጹሕ ውሃ ማቅረብ እንደሆነ ሲያስረዳው በጥሞና ሰማ። አንጀት መሳቡንም እንዲያሳየው ለመነው፤ እጁ እስኪለምድ አራት ጊዜ ሞከረ። ከዚያ ወጣ።

አብዱሰላም ለጥጡ ውሃ ከሚያደርሰው ቦይ ዳር ተቀምጧል። ከድሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ከወንዙ በኩል ንብ በል ወፎች ከነቀለማቸው እየመጡ ቦዩ ላይ ይወረወራሉ። ሁለቱም ያዩዋቸዋል።

«በገበያ መሀል ነው ስሜን ያጠፋኸው» አለ በመጨረሻ አብዱሰላም።

«አዎ።»

«በገበያ መሀል ትመልሰዋለህ።»

«እመልሰዋለሁ። ካሳም የሚሉትን እከፍላለሁ። ያንተንም ንቦች ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ።»

 ከድሩ ሌላ የሚለው ነበረው፤ አልመጣለትም። ገበያ መሀል ቆሞ አማቹን የከሰሰ አፍ፣ ለይቅርታ ሲሆን እንዲህ ይከብዳል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። «ያን ቀን ውሃው ውስጥ ያልኩህን» አለ ቆይቶ፣ «ዛሬ ከልቤ ነው የምለው።»

አብዱሰላም የታሰረ እጁን ዘርግቶ ጉልበቱን ነካ አደረገው። «ተነሥ እንሂድ» አለ። «መስከረም እየጠባ ነው። አበባው ሳይወጣ ቀፎዎቹን ማጽዳት አለብን።»

ሙሐመድሰዒድ ከሎጊያ ተሰናበታቸው፤ የንቦቹን ሞት ምክንያት ዝርዝር አድርጎ ጠይቆ፣ ለጉድጓዱ ሽማግሌ ይደርሳቸዋል አለ። ሁለቱ በጭነት መኪና ጀርባ ሚሌ ድረስ፣ ከዚያ በእግራቸው ወደ ላይ ወጡ። ሽማግሌዎቹ በሰጡት ቀን መጨረሻ ጭፍራ ነበሩ። ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ ከድሩ ጨው ከሚሸጥበት ተራ ላይ ቆሞ፣ ንቦቼን የፈጀኋቸው እኔው ነኝ፣ አማቼ ንጹሕ ነው አለ። የሣቁበት አሉ፤ የራሱ ወገን ጎረምሶችም አፍረውበት ፊታቸውን አዞሩ። እሱ ግን ከሳቁት ሁሉ ፊት ቆሞ ስለ አሮጌ ቀፎ የሚያውቀውን እስኪጨርስ አልሄደም። ሀምዳ ያን ቀን ጓዟን ጠቅልላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ወንድሟን ግን እስከ ጥምቀት ድረስ አላናገረችውም።

በማግስቱ ከድሩ የራሱን ቀፎዎች አቃጠለ፤ አሥራ ዘጠኙን ባዶዎችና ከቀሩት ሰባት መካከል አራቱን። ቀጥሎ ጅረቱን ተሻገረና ሁለቱ የአብዱሰላምን አሥራ ሁለት ቀፎዎች ተራ በተራ አዩ። ከድሩ ከእያንዳንዱ አምስት አምስት ንብ ይዞ አንጀታቸውን እየሳበ በነጭ ወረቀት ላይ ይደረድራል። የስምንቱ ቀፎዎች ቡናማ ነበሩ። በዘጠነኛው ላይ የአንዷ አንጀት ነጣ። ከድሩ ብዙ አያት። በዚያ ቀፎ ያለው መንጋ ከአብዱሰላም ንቦች ሁሉ ብርቱው ነው፤ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ ሌላ ሰው ቢሆን አንዲት ንብ ናት ብሎ ያልፈው ነበር። ከድሩ ወረቀቱን ለባለቤቱ አቀበለ።

«ይኸኛውም» አለ።

አብዱሰላም ወረቀቱን አየ፣ ቀፎውን አየ። አልተከራከረም። ክብሪቱን ከኪሱ አውጥቶ ለከድሩ ሰጠው፤ እሱ ራሱ ግን ቀፎውን ከዛፉ ለማውረድ ወጣ።